ወደ ፏፏቴው ከመነሣታችን በፊት

«ቀላል ናት፤ ደርሰን ለምሳ እንመለሳለን።»

ከጥቂት ዓመታት በፊት አርባ የምንሆን ተማሪዎችና መምህራን በአንድ አውቶቡስ ተሳፍረን፣ በደጋ ደን ውስጥ ወደሚገኝ አንድ ፏፏቴ ስንጓዝ የጉዞው አስተባባሪ የነገረን ይህንኑ ነበር። መንገዷ በእርግጥም ረጅም አልነበረችም። ይሁን እንጂ ከከተማ የወጣነው አርፍደን ስለነበር የእግር ጉዞውን የጀመርነው ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በመንገዳችን ከቁርጭምጭሚት የማያልፍ ጅረት እየተሳሳቅን ተሻገርን። ከፏፏቴው ሥር ደርሰን ምሳችንን በልተን፣ ፎቶግራፍ በመነሣት ላይ ሳለን አንድ እረኛ ልጅ ከማዶ ካለው አፋፍ ላይ ቆሞ በኦሮምኛ እየጮኸ እጁን ሲያወናጭፍ አየን። ሰላምታ የሚሰጠን መስሎን እኛም እጃችንን አውለበለብን። ከመካከላችን ቋንቋውን የሚያውቅ ተማሪ ግን ፊቱ ተለዋወጠና «ላይ ዘንቧል፤ ከውሃው ውጡ ነው የሚለው» አለን።

በእኛ ራስ ላይ ፀሐይ ነበረች። ቢሆንም ወጣን። ሩብ ሰዓት ያህል እንኳ ሳይቆይ የጠራው ውሃ ደፈረሰ፤ ቅጠልና ጭራሮ እያንጋጋ መጣ፤ ድምፁም ተለወጠ። ተሳስቀን የተሻገርነው ጅረት ከጭን በላይ ሆኖ ጠበቀን። ሙላቱ እስኪጎድል ከዳር ተቀምጠን ጠበቅን፤ አውቶቡሳችን ዘንድ የደረስነውም በጨለማ፣ በጥቂት የእጅ ስልክ መብራቶች እየተመራን ነበር። ደግነቱ ማንም አልተጎዳም። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለውን ተረት ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀው ነበር፤ ትርጉሙ የገባን ግን ያን ዕለት ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ ሲያሳስበን ኖሯል። ከመካከላችን የፊዚክስ፣ የሥነ ምድርና የሥነ ሕይወት ተማሪዎች ነበሩ። የፍሰትን ሕግ በፈተና ላይ የጻፉ፣ የዝናብን አፈጣጠር ለሌሎች ያስረዱ ነበሩ። ታዲያ አርባ የሳይንስ ሰዎች ያላስተዋልነውን አንድ እረኛ እንዴት አስተዋለው? መልሱ ልጁ ያን ወንዝ ያውቀዋል፣ እኛ ግን ለማወቅ አልሞከርንም የሚል ይመስለናል። ዕውቀታችንን ከክፍል ስንወጣ ከጥቁር ሰሌዳው ላይ ትተነው መጥተን ነበር።

በዚህ ጽሑፍ ለአንባቢያን ልናቀርብ የምንፈልገው አስተያየት አጭር ነው። ጉዞን ቀላል የሚያደርገው የመንገዱ ማጠር ሳይሆን የዕቅዱ መሟላት ነው፤ ዕቅዱንም ማውጣት ያለባቸው ተጓዦቹ ተማሪዎች ራሳቸው ናቸው። እንዲያውም በእኛ እምነት ከጉዞው ሳይንሳዊ ፋይዳ እኩሌታው የሚገኘው ከመነሣታችን በፊት በምናደርገው ስሌት ነው። አሳባችንን በአንድ ምሳሌ እናስረዳ።

መሬቱ ምን ይላል?

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ የወጨጫ ተራራ ይገኛል። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 3,385 ሜትር ሲሆን፣ በስተምዕራብ በኩል ያለውን ገጹን የመናገሻ ሱባ ደን ሸፍኖታል። በትውፊት እንደሚነገረው በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው በዚሁ ተራራ አስተክለው ነበር። ደኑ የጽድ፣ የዝግባ፣ የወይራና የኮሶ ዛፎች የሚገኙበት ሲሆን፣ ከፍ ወዳለው ሥፍራ ሲወጡ አስታ ይከተላል። ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላም ይኖሩበታል። ለእግረኛ የተለዩ መንገዶች አሉት፤ ከእነርሱም አንዱ መጠነኛ ወደ ሆነ ፏፏቴ ያደርሳል። ለተማሪ ቡድን ይህን የመሰለ ቦታ በቅርብ ማግኘት መታደል ነው።

ወጨጫ የሞተ እሳተ ገሞራ ነው። የኢትዮጵያ ደጋ በአብዛኛው የተነባበረ የባዛልት ምድር ነው፤ ይህም ባዛልት የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከምድር ስንጥቆች እየፈለቀ የተነጠፈ ቅልጥ ዐለት ነው። ወጨጫ፣ ፉሪና የረር ግን ከዚያ እጅግ ዘግይተው፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው አፍ የፈነዱ ተራሮች ናቸው። ዐለታቸው በአመዛኙ ትራካይት የሚባለው ነው። ትራካይት ከባዛልት የበለጠ ሲሊካ ስላለው ቅልጡ ወፍራምና ዝልግልግ ነው፤ እንደ ባዛልት ርቆ አይፈስስም፤ ከፈለቀበት አፍ አጠገብ ይከመራል። በከተማዋ ዙሪያ ያሉት እነዚህ ተራሮች ሾጠጥ ያሉትና ገጻቸው ቀጥ ያለው በዚህ ምክንያት ነው። የተማሪው ጉልበት የሚመሰክረው ዳገት ሥረ መሠረቱ የዐለቱ ኬሚስትሪ ነው ማለት ነው።

ፏፏቴውስ? በእሳተ ገሞራ ምድር ጠንካራው የቅልጥ ዐለት ንጣፍና ለስላሳው የገሞራ አመድ ብዙ ጊዜ እየተፈራረቁ ይነባበራሉ። ጅረቱ ለስላሳውን ንብርብር ከሥር እየሸረሸረ ሲወስደው ጠንካራው ከላይ እንደ ጣሪያ ክዳን ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከጊዜ ብዛት ክብደቱን መሸከም ሲያቅተው ይናዳል፤ ፏፏቴውም በዚያው ልክ ወደ ምንጩ አቅጣጫ ያፈገፍጋል። ከፏፏቴ ሥር ተከምረው የምናያቸው ትላልቅ ድንጋዮች ትናንት ከላይ የነበሩ ናቸው። ጢስ ዓባይም ቢሆን ወንዙ ከባዛልት ንጣፍ አፋፍ ላይ ተወርውሮ የሚወርድበት ሥፍራ ነው።

ይህን ያወቀ ተማሪ ሁለት ነገሮችን ያለ ሌላ አስጠንቃቂ ይረዳል። አንደኛ፣ ምሳ የሚበላው ከተንጠለጠለው ዐለት ሥር አይደለም። ከ20 ሜትር ከፍታ የሚወድቅ ድንጋይ መሬት ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ 2 ሴኮንድ ብቻ ነው፤ ሲደርስም ፍጥነቱ በሴኮንድ 20 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። «ተጠንቀቁ!» ብሎ ለመጮህ እንኳ ጊዜ አይተርፍም። ሁለተኛ፣ አመዱ በአየርና በውሃ ብዛት ሲበሰብስ ሸክላማ ጭቃ ይሆናል፤ ዝናብ የነካው ሸክላ፣ ሽበት የያዘ ዐለትም እንዲሁ፣ ያዳልጣል። አብዛኛው የመንሸራተት አደጋ የሚደርሰው ተጓዡ ደርሻለሁ ብሎ በተዘናጋበት፣ በፏፏቴው አፋፍና ግርጌ ነው። ስለዚህ ፏፏቴን ከራቅ ብሎ ማየት ፍርሃት አይደለም፤ የሥነ ምድርን ትምህርት በሥራ ላይ ማዋል ነው።

የሰዓት ስሌት

ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ሕግ እስከ ዛሬ ድረስ ይሠራበታል። በሜትር ሲመነዘር፣ ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት ይያዛል፤ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ደግሞ ሌላ 1 ሰዓት ይጨመራል። ይህ ግን ለጠንካራ ሰው የተበጀ ሕግ ነው። ዕረፍትን፣ ፎቶግራፍን፣ ጫማው የተፈታበትንና ወፍ ሊያይ የቆመውን አይቆጥርም። ለአርባ ተማሪዎች ውጤቱን በአንድ ተኩል ማባዛት ይገባል እንላለን።

ለምሳሌ መንገዱ ደርሶ መልስ 8 ኪሎ ሜትር፣ ዳገቱም 300 ሜትር ይሁን። ሲኬድ 4 ኪሎ ሜትር 48 ደቂቃ፣ ዳገቱ 30 ደቂቃ፣ በድምሩ 78 ደቂቃ ይሆናል፤ በአንድ ተኩል ሲባዛ 2 ሰዓት ገደማ ነው። ሲመለሱ 48 ደቂቃው በአንድ ተኩል ተባዝቶ 72 ደቂቃ ይሆናል። በፏፏቴው ዘንድ ለሥራ 1 ሰዓት፣ ለምሳ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ቢታሰብ ጠቅላላው 4 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ይመጣል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተነሣ ቡድን ከቀኑ 7 ሰዓት ከ40 ላይ ተመልሶ አውቶቡሱ ውስጥ ነው። እኛ እንዳደረግነው ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ የተነሣ ግን ከ10 ሰዓት በኋላ ነው የሚመለሰው።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ አይደለም። በደጋው አገራችን በዝናብ ወራት ጠዋቱ ብሩህ ሆኖ ከሰዓት በኋላ መዝነቡ የተለመደ ነው። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው እርጥበት ያለው አየር እየሞቀ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ደመና ይሆናል፤ ደመናውም ከቀትር በኋላ ይጠነክራል። ተራራ ደግሞ አየሩን ወደ ላይ እየገፋ ይህን ሥራ ያፋጥነዋል። አስተባባሪያችን ያሳጠረልን የእንቅልፍ ሰዓታችንን ቢሆን ኖሮ እናመሰግነው ነበር፤ ነገር ግን አርፍደን በመነሣታችን የዝናቡን ሰዓት ለራሳችን መረጥን።

ስለዚህ ከዕቅዱ ሁሉ በላይ ሊከበር የሚገባው የመመለሻ ሰዓት ነው። «ከቀኑ 5 ሰዓት ከ45 ድረስ ፏፏቴው ዘንድ ካልደረስን፣ ድምፁን ብንሰማውም እንኳ እንመለሳለን» የሚል ውሳኔ ከመነሣት በፊት ተወስኖ ለሁሉም ሊነገር ይገባል። በመንገድ ላይ የሚወሰን ውሳኔ ጉጉትና ይሉኝታ ያዛቡታል። ቤት ውስጥ የተወሰነውን ግን ማንም በማንም ላይ አያሳብብም።

ወቅትና ውሃ

ፏፏቴ ዓመቱን ሙሉ አንድ አይደለም። በሐምሌና በነሐሴ ግርማው ከፍ ይላል፤ መንገዱና ጅረቱ ግን አደገኞች ናቸው። በየካቲት መንገዱ ይደርቃል፤ ውሃውም ብዙ ጊዜ ይቀጥናል። ዝናቡ ካቆመበት ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ድረስ ያለው ጊዜ ሁለቱንም ያስማማል፤ ውሃው ገና አለ፣ መንገዱም ጠንክሯል። የሰው ሥራም ሊታሰብ ይገባል። በጢስ ዓባይ ከፏፏቴው በላይ ያለው ውሃ እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ2001 ሥራ ለጀመሩት የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫዎች በመጠለፉ፣ ጢሱን ሊያዩ ሄደው ቀጭን ክር የመሰለ ውሃ ያጋጠማቸው ብዙዎች ናቸው። ከመሄድ በፊት መጠየቅ ከቅሬታ ያድናል።

ስለ ሙላትም ጥቂት እንበል። የሚፈስ ውሃ በቆመ ሰው እግር ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ይመጣጠናል። ፍጥነቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ ሲሆን ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። በዚህ ላይ ጥልቀቱ ሲጨምር ውሃው የሚገፋው የአካል ክፍል ይሰፋል፤ ሰውነታችንም በከፊል ስለሚንሳፈፍ እግራችን መሬቱን የሚረግጥበት ኃይል ይቀንሳል። ጠዋት ያሳሳቀን ውሃ ማታ የሚያስፈራው ስለዚህ ነው። በገደላማ የገሞራ ተራራ ላይ ደግሞ በአፋፉ የወረደ ዝናብ ግርጌ ለመድረስ ረጅም ጊዜ አይፈጅበትም። ከታች ፀሐይ ስላለ ብቻ ከላይ አልዘነበም ማለት አይቻልም።

ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፤ የጠራው ሲደፈርስ፣ ቅጠልና ጭራሮ ሲበዛ፣ ድምፁ ሲለወጥ። አንዱ እንኳ ሲታይ ዕቃ ለመሰብሰብ ሳይዘገዩ ወደ ከፍታ መውጣት ነው። ከሞላ ጅረት ወዲያ ማዶ የቀረ ቡድንም መጠበቅ እንጂ መሻገር የለበትም፤ የተራራ ጅረት በፍጥነት እንደሚሞላ ሁሉ በሰዓታት ውስጥ ይጎድላልና። መብረቅ በታየ ጊዜ ደግሞ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ሴኮንዶችን መቁጠር ይጠቅማል። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 3 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ቁጥሩ ከ30 ካነሰ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ነውና ከአፋፍና ለብቻው ከቆመ ዛፍ መራቅ፣ ወደ አውቶቡስ ወይም ወደ ቤት መግባት፣ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ መቆየት ይገባል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።

ሰውነትና ጫማ

በ2,500 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው፤ በ3,000 ሜትር ደግሞ ከመቶ ሰባ ያህሉ ነው። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ያንሳል። አዲስ አበባ ወይም ደብረ ብርሃን ላደገ ተማሪ ይህ ብዙም አይከብደውም። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ግን ከጋምቤላ፣ ከአፋርና ከሶማሌ ቆላማ ሥፍራዎች የመጡ ተማሪዎችንም ያስተምራሉ። በትምህርት መክፈቻ ሰሞን ከቆላ የመጣውን ወጣት ከደገኛው እኩል ካልሄድክ ማለት አላዋቂነት ነው። የቡድኑ ፍጥነት መለካት ያለበት በመጨረሻው ሰው ነው። ከሁሉ ፊት የሚሄደው በጣም ፈጣኑ ሳይሆን መንገዱን የሚያውቀው፣ ከሁሉ ኋላም የሚሄደው ማንንም የማይቀድም አንድ ኃላፊ ይሁን። ቀስ በቀስ ዕንቁላልም በእግሩ ይሄዳል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የጀመረው ካለ እንዲወርድ ማድረግ እንጂ «አይዞህ፣ ደረስን» እያሉ ማታለል አይገባም። ለ1,000 ሜትር ከፍታ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሲየስ እንደሚቀንስም አስቦ ሹራብና የዝናብ ልብስ መያዝ ነው።

ስለ ጫማ ስንናገር ግን ከጉዞው ምቾት የሚያልፍ ቁም ነገር አለ። የገሞራ ዐለት ተበልቶ የሚፈጥረው ቀይ ሸክላማ አፈር ለእርሻ በጎ ነው። ነገር ግን በዚሁ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግራቸው የሚሠሩ ሰዎች ዝሆኔ በሚባለው የእግር ማበጥ ሕመም ይያዛሉ። ከአፈሩ የሚወጡ እጅግ ረቂቅ ቅንጣቶች በቆዳ ውስጥ አልፈው በሰውነት የፈሳሽ መተላለፊያ ሥሮች ላይ ጉዳት ያደርሳሉ ተብሎ ይታመናል። ትል የሚያመጣው ሌላ የዝሆኔ ዓይነት አለ፤ ይኸኛው ግን ትልም ተዋሲም የለውም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። በሕመሙና በቀይ አፈሩ መካከል ያለውን ዝምድና በኢትዮጵያ ባደረገው ምርምር ካስረዱት ሰዎች ዋነኛው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት እንዳለበትም ታውቋል። በአገራችን ከ1 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ይህ ሕመም እንዳለባቸው ይገመታል፤ መከላከያው ግን ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ነው።

የአንድ ቀን ተጓዥ በዚህ ሕመም አይያዝም። ሆኖም እኛ ላስቲክ ሶሉ የጠነከረ ጫማ መርጠን በምንረግጠው አፈር ላይ፣ ከውሃው ያወጣን እረኛ በባዶ እግሩ ቆሞ ነበር። ያን ጊዜ ልብ አላልነውም። ዛሬ ግን የጉዞ ዕቅድ ሲወጣ ይህም በመምህራኑ ማብራሪያ ውስጥ እንዲገባ እንፈልጋለን። በሽተኛውን እርግማን ወይም ተላላፊ ደዌ እንዳለበት ቆጥሮ የሚያገልል ሰው ዛሬም አይጠፋም። የገሞራ ምድርን ተምሮ ይህን ሳያውቅ የሚመለስ ተማሪ ግማሹን ሳይማር ተመልሷል።

ባለ አገሩና ደኑ

ከሁሉም አስቀድሞ የሚሠራ አንድ ሥራ አለ፤ መጠየቅ። ደኑን ከሚያስተዳድረው አካል ፈቃድ ማግኘት፣ ስለ አካባቢው ፀጥታ ከወረዳው አስተዳደር መረዳት፣ ምላሹ አጥጋቢ ካልሆነም ያለ ቅሬታ ሌላ ቀን ወይም ሌላ ቦታ መምረጥ ያስፈልጋል። ከዚያም የአካባቢውን መንገድ መሪ በተገቢው ክፍያ መቅጠር ነው። መንገድ መሪ ጠፍቶ እንዳንቀር ብቻ የሚፈለግ አይደለም። የትኛው ጅረት ቶሎ እንደሚሞላ፣ የትኛው አፋፍ እንደሚናድ፣ ሳማ የበዛበት የትኛው ጥጋት እንደሆነ የሚያውቅ፣ መጽሐፍ የማይተካው ምንጭ ነው። ቋንቋውን የሚናገር ተማሪ በቡድኑ ውስጥ መኖሩም እንደ ውሃና እንደ ቁስል መጠቅለያ የዕቅዱ አካል ይሁን። በገደላማ ሸለቆ ውስጥ የስልክ መስመር ሊጠፋ ስለሚችል፣ የተጓዦቹ ስም ዝርዝርና የመመለሻው ሰዓት በጽሑፍ ከአውቶቡሱ ሾፌርና ከተቋሙ ዘንድ መቅረት አለበት።

ለደኑም ዕዳ አለብን። የደን አፈር ልል ስለሆነና በቅጠል ስለተሸፈነ ዝናቡን ቀስ እያለ ያስገባል፤ በተሰነጣጠቀው ዐለት ውስጥ የሰረገው ውሃም በበጋ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። አርባ ሰው ከመንገድ ወጥቶ ሲረግጠው ያ ልል አፈር ይጠቀጠቃል፤ የሚሰርገውም ውሃ ጎርፍ ይሆናል። በተለየው መንገድ ላይ መሄድ፣ እሳት አለማንደድ፣ የፕላስቲክ ጠርሙስን ይዞ መመለስ የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የውሃ ሳይንስም ጉዳይ ነው።

ደርሰን ምን እንሠራለን?

ፎቶግራፍ መነሣት ክፉ አይደለም። ነገር ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ከዚያ የበለጠ ነገር መሥራት ይቻላል። ከፏፏቴው ፊት ለፊት ባለ ደልዳላ ሥፍራ በፕሮትራክተርና በክር እየለካን፣ አናቱ በ45 ዲግሪ የሚታይበት ቦታ ላይ እንቁም። ከዚያ እስከ ግርጌው ያለው ርቀት ላይ የዓይናችን ከፍታ ሲደመር የፏፏቴው ቁመት ይገኛል። ከዚያ ዝቅ ብሎ ጅረቱ ጸጥ በሚልበት ቦታ፣ በዳር ቆመን ወርዱንና ጥልቀቱን በእንጨት እንለካ፤ ቅጠል ጥለን 10 ሜትር ለመሄድ የፈጀበትን ጊዜ እንያዝ። ወርዱ 2 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 25 ሴንቲ ሜትር፣ ቅጠሉ የፈጀበት ጊዜ 20 ሴኮንድ ቢሆን የገጹ ፍጥነት በሴኮንድ ግማሽ ሜትር ነው። ከሥር ያለው ውሃ ስለሚዘገይ በ0.8 ሲባዛ ፍሰቱ በሴኮንድ 200 ሊትር ይሆናል። ፏፏቴው 20 ሜትር ከሆነ ውሃው በመውደቁ ብቻ 39 ኪሎ ዋት ያህል ኃይል ይለቅቃል። ይህ ኃይል ምን ያህል ቤት እንደሚያበራ እዚያው ተቀምጦ መከራከር የማይረሳ ትምህርት ነው።

ይህ ኃይል ውሃውን ያሞቀው ይሆን? እንግሊዛዊው ጄምስ ጁል በዚህ ጥያቄ ተይዞ፣ ኬልቪን እንደተረከው፣ እ.ኤ.አ. በ1847 ለጫጉላ ሽርሽር በሄደበት የአልፕስ አገር እንኳ ቴርሞሜትር ይዞ ፏፏቴ ሊለካ ተገኝቷል። በእርሱ ሕግ ውሃን በ1 ዲግሪ ሴልሲየስ ለማሞቅ የ427 ሜትር ፏፏቴ ያስፈልጋል። የእኛ 20 ሜትር የሚሰጠን ከ0.05 ዲግሪ ያነሰ ነው፤ ተራ ቴርሞሜትር አያነበውም። መሣሪያችን ምን ሊለካ እንደማይችል አስቀድሞ ማስላትም ሳይንስ ነው።

ሁለት ተቃውሞዎች

«ይህ ሁሉ ዝግጅት የጉዞውን ደስታ ያጠፋል» የሚሉ አሉ። እኛ በጨለማ ስንደናቀፍ ደስታ አላየንም። ሰዓቱን ያሰላ ቡድን ፏፏቴው ዘንድ የማይቸኩልበት አንድ ሰዓት አለው፤ ያላሰላው ግን ደርሶም አይረጋጋም። «ጊዜውም ገንዘቡም የለም» የሚሉም አሉ። ይህ የበለጠ ክብደት ያለው አሳብ ነው። የአውቶቡስ ኪራይና የነዳጅ ወጪ ለብዙ ትምህርት ቤቶች ቀላል አይደለም። ሆኖም ከላይ የዘረዘርነው ዝግጅት ከእርሳስና ከወረቀት በስተቀር ወጪ የለውም። እንዲያውም ገንዘቡ ጥቂት ስለሆነ ነው፣ ብዙ ተከፍሎበት የሚገኘውን አንድ ቀን በከንቱ ማሳለፍ የማይገባን።

ስለዚህ የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው። ከጉዞው አንድ ሳምንት በፊት ተማሪዎች በአራት ቡድን ተከፍለው አንድ አንድ ገጽ ይጻፉ። አንደኛው ቡድን ስለ ዐለቱና ስለ መንገዱ፣ ሁለተኛው ስለ ሰዓቱ፣ ሦስተኛው ስለ ውሃውና ስለ አየሩ፣ አራተኛው ስለ ሰዎቹ፣ ማለትም ስለ ተጓዦቹ ጤናና ስለ ባለ አገሮቹ ያዘጋጁ። አራቱ ገጾች በክፍል ውስጥ ይነበቡ፤ ክርክር ይደረግባቸው፤ መምህሩም የሚፈርመው ከዚያ በኋላ ይሁን። አውቶቡሱ የሚነሣው አራቱ ገጾች ሲሟሉ ብቻ ነው የሚል ደንብ ይኑር።

እኛ አራቱም ገጾች አልነበሩንም። የነበረን ከአፋፍ ላይ የጮኸልን አንድ ልጅ ነው። ስሙን እንኳ ሳንጠይቀው ተመለስን። የሚቀጥለው ቡድን ግን ከጅረቱ ከመግባቱ በፊት ከዳሩ ቆሞ «ላይ ዘንቧል ወይ?» ብሎ እንዲጠይቅ እንመኛለን።